የሽሮ ሰላይ

ሸዋ ሮቢት ላይ ቀትር ሲሆን ውሻ ከመኪና ስር አይወጣም። ፍየል እንኳ የግድግዳ ጥላ እየመረጠች ነው የምታልፈው። ሰው ብቻ ነው ከአውቶቡስ ዱብ ብሎ፣ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተለጥፎ፣ ላቡን በመሀረብ እየጠረገ፣ «ተጋቢኖ አለ? የሚፈላ ይሁን እንጂ!» የሚለው። የሚፈላ ይሁን! ቆርቆሮው ከላይ ይጠብሰናል፣ አስፋልቱ ከታች ይቀቅለናል፤ እሱ ደግሞ በመሀል አንድ ድስት እሳት ይምጣልኝ ይላል። አንድ ቀን አዝኜለት ለብ ያለ ባቀርብለት የማይሰደብ ስድብ ሰደበኝ።

አስተናጋጅ ነኝ። የቤቱን ስም አልናገርም፤ ደመወዜን ገና እፈልገዋለሁ። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ፣ 225ኛው ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ ከአስፋልቱ ግራና ቀኝ ከተደረደሩት ምግብ ቤቶች አንዱ ነው ብላችሁ ያዙት። እንግዶቻችን እኛ ዘንድ የሚደርሱት ተፈትነው ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ጋቢ ይከናነባሉ። ጣርማ በር ላይ፣ በጣሊያን ጊዜ የተቦረቦረው ዋሻ አፍ ሲደርሱ፣ ጉሙ መስኮቱን ይዳብሳል። ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ይገዛሉ። ከዚያ በኋላ ቁልቁለት ነው፤ ጠመዝማዛው በተጠመዘዘ ቁጥር አንድ ልብስ ይወልቃል። መጀመሪያ ጋቢው፣ ቀጥሎ ጃኬቱ፣ ቀጥሎ ሹራቡ። ሮቢት ሲደርሱ የቀረው ሰውየውና ረሃቡ ነው። ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ከሆነ ብርድ ተነሥቶ 1 ሺህ 300 ሜትር እንኳ ወደማይሞላ ሙቀት በአንድ ጉዞ የወረደ ሰው፣ የሚያዝዘውን ባያውቅ አይፈረድበትም ትሉ ይሆናል።

ያውቃል። የሚያዝዘው ሽሮ ነው።

ግን ዝም ብሎ አያዝዝም። «ምን አለ?» ይለኛል። ይህ ጥያቄ አይደለም፣ ሥርዓት ነው። እኔም በአንድ ትንፋሽ እለቀዋለሁ፦ «ጥብስ፣ ቅቅል፣ ዱለት፣ ቦዘና፣ ምስር፣ በያይነት፣ ፓስታ በስጎ፣ ፓስታ በአትክልት፣ መኮሮኒ፣ ፍርፍር፣ እንቁላል፣ ሽሮ ፈሰስ፣ ተጋቢኖ።» ሰውየው ዐይኑን ጣሪያው ላይ ይተክላል። «ቅቅሉ እንዴት ነው?» «አሪፍ ነው።» ሌላ ምን ልበለው? «ዱለቱስ?» «አሁን የወጣ ነው።» ጓደኛውን ያማክራል፤ ጓደኛው ሚስቱን ያማክራል፤ ሚስቱ ልጁን «ምን ይምጣልህ?» ትላለች፤ ልጁ «ኢንዶሚ» ይላል፤ ይቆጡታል። በመጨረሻ ሰውየው የድንበር ውዝግብ እንደ ፈታ ሽማግሌ ተንፍሶ፣ «እስቲ ሽሮ አምጣ» ይለኛል። ዝርዝሩን የምደረድረው እንዲመርጥ አይደለም፤ ጥብስም ቀርቦለት እንደ ነበር እንዲታወቅለት ነው።

የኔ በሽታ የጀመረው አንድ የአይሱዙ ሹፌር በራችን ላይ ቆሞ፣ ገባ ልበል አልበል ሲል ቆይቶ፣ «ተወው፣ የማዶው ይሻላል» ብሎ የሄደ ቀን ነው። ማዶ ማለት አስፋልቱን መሻገር ነው፤ ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው። አራት ዓመት ሙሉ ሽሮ በትሪ ስሸከም ኖሬ የማዶውን አንድ ቀን ቀምሼ አላውቅም። የዕረፍት ቀኔ ማክሰኞ ነው፤ በዚያው ማክሰኞ ተሻገርኩ። በሚቀጥለው ማክሰኞ የማዶውን ጎረቤት፣ በሚቀጥለው የመናኸሪያውን አካባቢ። ከተማው ሲያልቅብኝ በባጃጅ ዳር ዳሩን፣ ባጃጁ የማይደርስበት ሲመጣ በሚኒባስ ካራ ቆሬና አጣዬ ድረስ። ሰንበቴ ገበያዋ እሑድ ስለሆነ ፈቃድ መጠየቅ ግድ ሆነብኝ። አክስቴ ታማለች አልኩ። አክስት የለኝም።

ልብ በሉ፤ ለሠራተኛ ሽሮ በነጻ ነው። ቤቴ ሆኜ ሽሮ በነጻ እየበላሁ፣ ሽሮ በመሸጥ ያገኘሁትን ደመወዝ ከሌላ ቤት ሽሮ ለመግዛት አውለዋለሁ። ወጥ ቤቷ ብታውቅ ኖሮ በማማሰያ ነበር የምትለኝ።

ስለላ ሥርዓት አለው። ተጋቢኖ ሲመጣ እጅ አይሰደድም፣ መጀመሪያ ይታያል። ድስቷ በጣውላዋ ላይ ስትቀመጥ መሀሏ ቡልቅ ቡልቅ ይላል፤ ዳርዳሯን ዘይቱ ቀይ ቀለበት ይሠራል። ቀለበቱ ከሌለ ሽሮው ተቸኩሎበታል፣ ቁሌቱ አልበሰለም። ቀለበቱ ከሰፋ ደግሞ ዘይቱ ከጓዳ ስትወጣ ላይዋ ላይ የፈሰሰ ነው፣ ለዐይን። ቀጥሎ ሽታ፦ ነጭ ሽንኩርት፣ በሶብላ፣ ኮረሪማ፤ ማን ቀደመ፣ ማን ቀረ። ከዚያ ጉርሻ። እዚህ ላይ ነው ችግሩ። የሚፈላ ነገር ቀምሶ ፍርድ መስጠት የሚችል ምላስ አልተፈጠረም። የመጀመሪያው ጉርሻ ምላሴን ያነደዋል፤ ከዚያ በኋላ የምሰጠው አስተያየት ሁሉ የተቃጠለ ምላስ አስተያየት ነው። ይህን ያወቅኩት ስምንት ቤት ገምግሜ፣ በደብተር ጽፌ፣ ደረጃ ካወጣሁላቸው በኋላ ነው። አሁን የምተማመነው በመጨረሻዋ ላይ ብቻ ነው፤ ድስቷ በርዳ፣ ከስሯ የያዘውን በእንጀራ ፈግፍጌ በማነሣው። ውሸት እዚያ ድረስ አይወርድም።

ሰላይ ደግሞ ራሱን መደበቅ አለበት። ኮፍያ አደርጋለሁ፣ ጥግ እቀመጣለሁ፣ መንገደኛ ለመምሰል ትንሽ ቦርሳ እይዛለሁ። አንድ ማክሰኞ እንዲህ ሆኜ ድስቴን ሳጠና፣ ከበስተኋላዬ አንድ ጎምቱ ሰው እጃቸውን ቸብ ቸብ አደረጉ፤ «አንተ ልጅ!»

«አቤት ጌታዬ!» ብዬ ብድግ አልኩ።

ሰው ሁሉ አየኝ። ያኔ መቀመጥ ነበረብኝ። ግን ሰውየው «ጭማሪ እንጀራ አምጣ፣ ቃሪያም ድገመን» ሲሉ እግሬ ከኔ ቀድሞ ወደ ጓዳ ሄዷል። እንጀራውን ይዤ ወጣሁ፣ ቃሪያውን አቀረብኩ፣ በመንገዴ ሁለት ባዶ ብርጭቆ አነሣሁ። የቤቱ አስተናጋጅ ትሪውን ደረቱ ላይ አቅፎ በሩ ሥር ቆሞ ያየኛል። በመጨረሻ ጠጋ ብሎ፣ «ማክሰኞ ማክሰኞ የምትመጣው አንተ ነህ?» አለኝ። ዝም አልኩ። «እኔ እናንተ ጋ ሐሙስ ነው የምመጣው» አለኝ። ባለ ሙሉ ሱፉ፣ ሁልጊዜ ከድስቱ ስር ያለውን የሚፈገፍገው ደንበኛዬ እሱ ነበር!

ከሱ ጋር ወዳጆች ከሆንን በኋላ ብዙ ነገር ተገለጠልኝ። በየበሩ የተጻፈውን አይታችኋል፦ «የምንጃር ሽምብራ ሽሮ»፣ «ልዩ የመንዝ ሽሮ»፣ «የእናት ቤት ሽሮ»። ቆላ ሰው በደጋ ይምላል። እኛ ጋ ሽንኩርት አለ፣ ቲማቲም አለ፣ ማሽላ አለ፣ ማንጎና ፓፓያ አለ፣ ትምባሆ ሳይቀር አለ፤ ግን «የሮቢት» ብሎ የለጠፈ አንድ ቤት አላየሁም። ሽሮውን ግን አንድ ወፍጮ ቤት ነው የሚፈጨው። አንድ ልጅ በጋሪ ጭኖ ይመጣል፤ አንዱን ከረጢት ምንጃር በር ላይ ያወርዳል፣ ሁለተኛውን መንዝ በር ላይ፣ ሦስተኛውን እናት ቤት። ጋሪው አንድ ነው፣ ከረጢቱም አንድ ዓይነት ነው። ደንበኛ ግን አንዱን ቀምሶ «የመንዙ ለየት ይላል፣ አፈሩ ነው» ይላል። አፈሩ!

ከሁሉም የሚገርመኝ ማሾው ነው። በዙሪያችን ያለው የቀወት ወረዳ ገበሬ ማሾ ይዘራል፤ ማሾው በኩንታል እየተጫነ ባሕር ይሻገራል፤ የባዕድ አገር ሰው ሾርባና ቡቃያ ያደርገዋል። እኛ ደግሞ ደጅ ያለውን ጥራጥሬ ሸኝተን፣ ሽምብራ ከደጋ እስኪወርድ አንገታችንን አስግገን እንጠብቃለን። አንድ ጊዜ ወጥ ቤታችንን «ለምን ማሾ አንሞክርም?» ብላት፣ «ማሾ እኮ የሚሸጥ ነው» አለችኝ። እንደሷ አነጋገር፣ የሚሸጥ እህል ለመብል አልተፈጠረም።

ወደ ሹፌሮች ልምጣ። መንገደኛ ሁሉ አንድ እምነት አለው፤ ሹፌር የበላበት ቤት ምግቡ ጥሩ ነው። ሲኖትራክና ተሳቢ ተደርድሮ ካየ ሌላ ምስክር አይጠይቅም። ለአውቶቡሱ እንኳ መልሱ ቀላል ነው፤ ስድሳ ሰው ይዞ ለመጣ ሹፌርና ረዳት ሂሳብ የሚጠይቅ ቤት የለም። በነጻ የሚበላ ሰው ምግብ ሲያማርር የት ታይቶ ያውቃል? የጭነት መኪናው ነበር ግራ ያጋባኝ። እነሱ ከፍለው ነው የሚበሉት። ታዲያ ሁሌም ማዶ ያለችው ትልቅ ዋርካ አጠገብ ያሉትን ሁለት ቤቶች ለምን ይመርጣሉ? ደብተሬ ላይ ሁለቱም ከመሀከለኛ አያልፉም።

አንድ ማክሰኞ ቀኑን ሙሉ ቡና ደጋግሜ እያስቀዳሁ ዋርካዋን ስጠብቅ ዋልኩ። ጠዋት ጥላዋ ወደ ግራው ቤት ይወድቃል። መኪኖቹ እዚያ ይደረደራሉ፣ ሰውም መኪኖቹን አይቶ ግራው ቤት ይገባል፣ ሽሮውንም ያመሰግናል። ከሰባት ሰዓት በኋላ ጥላው ቀስ እያለ ይዞራል። አሥር ሰዓት ሲሆን መኪኖቹ ቀኝ በኩል ናቸው፤ ግራው ቤት አስተናጋጁ ዝንብ ያባርራል፤ ቀኙ ቤት ወንበር አይበቃም። ስለዚህ ሸዋ ሮቢት ላይ ጠዋት የግራው ሽሮ ይጣፍጣል፤ ከሰዓት በኋላ ጣዕሙ ወደ ቀኙ ይሻገራል። ሹፌሩ የሚፈልገው ሲመለስ መሪው እጁን የማይልጠው መኪና ነው። እኛ ደግሞ ሃያ እርምጃ ተሻግረን፣ በረንዳችን ፀሐይ ላይ፣ ቅመም እንጨምራለን።

ይህን ለአንድ ደንበኛዬ ብነግረው ስልኩን አውጥቶ የጃፓን ፊልም አሳየኝ። «ታምፖፖ» ይባላል፤ ጁዞ ኢታሚ የሚባል ሰው በ1985 እ.ኤ.አ. የሠራው ነው። ቋንቋው ባይገባኝም ታሪኩ ገባኝ፤ የኛው መንገድ ነው። አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ዝናብ ሲመታው አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ራመን ቤት ይገባል። ራመን ማለት በአጥንት መረቅ የሚዋኝ ቀጭን ፓስታ መሰል ነገር ነው፤ ሲበሉት ሽርር ማድረግ ነውር የለውም። ሹፌሩ በልቶ ሲያበቃ ሴትዮዋን እቅጩን ይነግራታል፤ ምግብሽ አልሆነም። ከዚያ ያስተምራታል። ተያይዘው የሌላውን ቤት ራመን ይቀምሳሉ፣ ይሰልላሉ፣ መረቁ እንዴት እንደ ተሠራ ያድናሉ። በስተመጨረሻ ቤቷ በሰው ይሞላል። እኔ ያለቀስኩት ሹፌሩ እውነቱን ሲናገር ነው። አራት ዓመት ሙሉ «ምግቡ እንዴት ነበር?» ስላቸው «አሪፍ ነው» እንጂ ሌላ ያለኝ የለም። የማይጥመው ሰው አይናገርም፤ ዝም ብሎ ይሻገራል። ጃፓኖች ዮኮሃማ ላይ ለራመን ሙዚየም ሳይቀር ከፍተውለታል፣ በ1994 እ.ኤ.አ.። ለኛ ሽሮ ሙዚየም ቢሠራለት የየክፍለ ሀገሩ ሽሮ ይደረደርና፣ ዱቄቱን አንድ ጋሪ ያመጣዋል።

ስለ ሽሮ ክፉ አልናገርም ግን። ይህ የኛ አካባቢ፣ ይፋት፣ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ተደባልቆ የሚኖርበት አገር ነው፤ ሥጋ ሲሆን ሁሉም ወደየቤቱ ይለያል፣ የማን እጅ ባረከው ነው ጥያቄው። ሽሮ ግን ማንም አይባርከውም። የከሚሴው ነጋዴ ቤቱን ካላወቀው «የፆም አምጣ» ይለኛል፤ ረቡዕ የሚፆመው የመንዝ ሰውም «የፆም አምጣ» ይለኛል፤ አንድ ጠረጴዛ ላይ፣ አንድ ዓይነት ድስት፣ አንድ ዓይነት ምላስ ማቃጠል። መንገዱ ሲታወክ፣ በ2014 ዓ.ም ጦርነቱ እዚሁ ድረስ ሲመጣ እንደ ሆነው፣ መጀመሪያ የሚናፍቀኝ ይህ የጠረጴዛ ወከባ ነው። ይህን ካልኩ ወደ ቧልቴ ልመለስ።

ገምጋሚነት የኔ ብቻ በሽታ መስሎኝ ነበር። አሁን ወጣቶቹ ለቲክቶክ ብለው ከአዲስ አበባ ይመጣሉ። ድስቷ ትቀርባለች፤ አንዱ ከላይ ያነሣታል፣ አንዱ ከጎን፤ «ቆይ አትንካት፣ እንፋሎቱ አልታየም!» ይባላል፤ እንደገና አሙቅልን እባላለሁ፤ ሦስት ጊዜ ሞቃ፣ ደርቃ፣ ስትበላ «ትንሽ ደረቅ አለች» ተብላ ለዓለም ይነገርባታል። አንድ የታሪክ መምህር ደንበኛዬ ሲስቅባቸው፣ ነገሩ የቆየ መሆኑን ነገረኝ። በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አል ዑመሪ የሚባል ዐረብ ጸሐፊ ስለ ይፋት ጽፏል፤ እህሉን፣ ፍራፍሬውን፣ እንደ ሰናፍጭ የደቀቀችውን ጤፍ ሳይቀር። ታዲያ ይፋትን በእግሩ አልረገጠም። ካይሮ የደረሱትን የዚህ አገር ሰዎች እየጠየቀ ነው የጻፈው። ቢያንስ እሱ ድስቷን አላቀዘቀዘም።

ጉዱ የፈላው ባለፈው ግንቦት ነው። መናኸሪያው ጀርባ፣ መጋረጃ ያላት አንዲት ጠባብ ቤት አለች ሲሉኝ ሄድኩ። ከመጋረጃው ወዲያ አንዲት ሴት ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ተሸፋፍነው ይበላሉ። ፊታቸውን አላየሁም። እጃቸውን ግን አየሁ። በየወሩ ደመወዜን የሚቆጥርልኝን እጅ እንዴት እስታለሁ?

«እትዬ?»

ነጠላው ወረደ። የቤታችን ባለቤት ናቸው። ጠዋት «ለቅሶ እሄዳለሁ» ብለው ነበር የወጡት።

«አክስትህ እንዴት ሆኑ?» አሉኝ።

«ተሽሏቸዋል እትዬ። ለቅሶውስ?»

«ተቀበሩ» አሉ፣ ሽሮውን በእንጀራ እየጠቀለሉ። «ቁጭ በል፣ ሰው አያየን።»

ተቀመጥኩ። ዝም ብለን በላን። ትንሽ ቆይተው፣ «ኮረሪማው በዝቷል» አሉ። «በዝቷል፤ ቁሌቱን ግን አብስለውታል» አልኩ። አፋቸውን ጠረጉና ቀና ብለው አዩኝ። «ከኛ ይሻላል?»

ለእንዲህ ያለ ጥያቄ ሰው ቶሎ አይመልስም። አላመጥኩ። የማላምጠው ሲያልቅ ውሃ ጠጣሁ። «እንጀራው ይሻላል» አልኩ።

«እንጀራውን የምንገዛው ከአንድ ሴትዮ ነው» አሉኝ።

በማግስቱ ጠዋት ሠራተኛውን ሁሉ ሰበሰቡ። ወጥ ቤቷ ተባረረች ብዬ ደነገጥኩ። ምንም አልሆነም። «አንተ፣ መኪናው ለምን እዚያ እንደሚቆም የምታውቀው ነገር አለ አሉ፤ ተናገር» አሉኝ። የዋርካዋን ነገር፣ የጠዋቱንና የከሰዓቱን፣ አንድ ሳላስቀር ተናገርኩ። እትዬ እስክጨርስ ሰሙኝ። ሽሮውን ስለማሻሻል አንድ ቃል አልተነሣም። ከሳምንት በኋላ አንዲት የኒም ችግኝ በቆርቆሮ ተይዛ መጣች፤ በረንዳችን ፊት ለፊት፣ መኪና በሚቆምበት ልክ ተተከለች። ፍየል እንዳይበላት በእሾህ አጠርናት። ጠዋትና ማታ ሳህን ያለቀለቅንበትን ውሃ የማጠጣት ሥራ የኔ ሆነ፤ ደብተሬም አሁን ቁመቷን ነው የሚመዘግበው።

ትናንት ጉልበቴ ጋ ደርሳ አገኘኋት። ያው የአይሱዙው ሹፌር ቆመና ሞተሩን ሳያጠፋ በመስኮት አየኝ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ኒም ነው።»

«መቼ ነው የሚደርሰው?»

«በሦስት፣ በአራት ዓመት።»

«ጥሩ ነው፣ በርታ» አለኝ። «እስከዚያው ግን የማዶው ይሻላል።»